የደወልሽን ሰዓት ጻፊልን

ይድረስ በሥጋ ታናሽ እኅቴ፣ በጸሎት ግን ታላቄ ለሆንሽው ለእማሆይ ኦቲሊያ፣ ባለሽበት በፊሊፒንስ ደሴቶች።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከሰላምታውም በፊት፣ እናታችን በሕይወት አለች። ሥርዐቱን አፍርሼ ይህን በመጀመሪያው መስመር ያኖርሁት፣ የገዳምሽ በረኛ እኅት ማክሰኞ ዕለት ከተማ ወርጄ በስልክ ሳገኛት የነገረችኝ ቃል ከልቤ አልወጣ ስላለ ነው። ሰኞ ጠዋት ከፍርግርጉ ጀርባ ተቀምጠሽ፣ የመሰናበቻው ደወል እስኪደወል ጠብቀሽ፣ ማንም ሳይመጣ በቀረ ጊዜ «እናቴ ሞታ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽ አለችኝ። የሚመልስልሽ አልነበረም። እነሆ እኔ ዘግይቼ እመልሳለሁ፤ አለች። ትበላለች፣ ትጸልያለች፣ እኔንም ትቆጣለች።

አሁን ሰላምታዬን እንደ ማዕረጉ ላቅርብ። ሞትን ድል የነሣው ጌታ ሰላሙን ያብዛልሽ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ያን ሁሉ ሰማይ ስታቋርጪ ራስሽን አላመመሽም? በብርድ ጊዜ የሚወጋሽ ጆሮሽስ እንዴት ነው? የአገሩ ውኃ፣ እህሉ፣ ወበቁ ተስማማሽ? አብረውሽ የተጓዙት እኅቶችስ በጤና ገቡ? የምትተኚበት ክፍል መስኮት እንዳለው ጠይቅልኝ ያለችኝ እናታችን ናት። እኔማ መነኩሲት ስለ መስኮት እንደማትጠየቅ ነግሬአት ነበር፤ እርሷ ግን «የምትጽፈው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔ» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እኛ በቸርነቱ ደኅና ነን። የባለቤቴ የፊዴንሲያ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያማርራል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለብንም። ዝናሙ ገና ነው፤ ኮረብታው ሁሉ ገርጥቶ ይጠብቃል።

በጾሙ እኩሌታ የላክሽውን ደብዳቤ ለእናታችን ያነበብሁላት በደጃፋችን በሎሚው ዛፍ ሥር ነበር። ማኅበርሽ አዲስ ገዳም እንድታቀኑ እንደሚልካችሁ፣ ከዚያም እንደማትመለሺ፣ በጾም እንግዳ ስለማይገባ የቀረን ጠዋት የትንሣኤ ማግስት ሰኞ ብቻ እንደሆነ፣ ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ እንደምትነሡ ጽፈሽልን ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «ልጅ ገበያ እንኳ ሲሄድ እናቱ ግንባሩን አማትባ ነው የምትሰደው» አለች፤ «ይህቺ የምድርን ዳርቻ ልታይ ነው። ሳልባርካት አትሄድም»። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ያ ሁሉ መንገድ እንደሚከብዳት፣ ብትደርስም የፍርግርጉ መጋረጃ እንደማይገለጥ ላስረዳት ብሞክር ሳቀችብኝ። «መጋረጃው የሚከለክለው እናንተን ነው። ለእኔ ከወዲያም ከወዲህም ያው ነው» አለች።

እንደምታውቂው በየዓመቱ በመጣን ቁጥር፣ ጉብኝቱ ሲያልቅ በፍርግርጉ ቀዳዳ ጣቷን ታሾልካለች፤ አንቺም ከመጋረጃው በስተጀርባ ግንባርሽን ታስጠጊያለሽ፤ እርሷም በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የመስቀል ምልክት ታደርግብሻለች። ወደ ቤት ስንመለስ ያችን ጣት በሻሏ ጠቅልላ ነው የምትጓዘው። ዘንድሮ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ጥቁር ሻሏን፣ አንድ ቅያሪ ቀሚስና መቁጠሪያዋን በጥቅል አስራ ከትራሷ ሥር አስቀምጣ ሌሊት ሌሊት በእጇ ስትዳብሰው እሰማ ነበር።

ያን ሰሞን የመንደራችን ሹም ሕዝቡን ሰብስቦ፣ መንግሥት ከትንሣኤ እሑድ ጀምሮ እስከ መከር ድረስ ሰዓቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደፊት እንዲገፋ ማዘዙን ነገረን። ይህ በአገራችን ከዚህ በፊት ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ሹሙም ወደ እኔ ዞሮ «ዶን ኦኔሲሞ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚደውሉት እርስዎ ነዎት፤ ምን ይላሉ?» አለኝ። ተነሥቼ፣ ለኢያሱ ፀሐይ እንደ ቆመች፣ ለሕዝቅያስም ጥላዋ ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ፣ ይህንም ያደረገው ፈጣሪዋ እንጂ ሹም እንዳልሆነ ተናገርሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አበልጄ ሴቬሮ ደግሞ «መንግሥት መጀመሪያ አውራ ዶሮዎቹን ይዘዝ፤ እነሱ ከታዘዙ እኛም እንታዘዛለን!» ብሎ ጉባኤውን በሳቅ ገደለው። ሳን ቴልሞ በእግዚአብሔር ሰዓት ትቀጥላለች ተብሎ በእጅ ብልጫ ተወሰነ። ወሰንን፤ ከወሰንንም በኋላ ነገሩ ያለቀ መሰለን። ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ ደግሞ በመንደራችን ራዲዮ አይከፈትም፤ የሚያስታውሰን ድምፅ አልነበረም።

የትንሣኤ ዕለት ገና ሳይነጋ፣ የተነሣው ጌታ ምስል በአንዱ መንገድ፣ የእመቤታችን ምስል በሌላው መንገድ ወጥተው በአደባባዩ ሲገናኙ፣ ጥቁሩ ልብሷ ሲገፈፍ፣ ርችቱ ሲተኮስ እኔ እንደ ልማዴ ከደወሉ ሥር ነበርሁ። ቅዳሴው ረዘመ። የበዓሉ ደጋሽ ዘንድሮ ያው ሴቬሮ ስለሆነ ማዕዱን ሳንቀምስ ወደ ፑዌብላ፣ ወደ ገዳምሽ የሚነሣውን የማታ አውቶቡስ ልንይዝ መሄድ አልተቻለም። ፊዴንሲያ እጅጌዬን እየጎተተች «አንተ ሰው፣ አውቶቡሱ ሞሌ ወጥ አይበላም፣ አይጠብቅህም!» ትላለች፤ ሴቬሮ ደግሞ በሌላው በኩል ትከሻዬን ይዞ «አበልጄ፣ ሳሕኑን ሳትጠርግ ከዚህ ደጅ ከወጣህ ልጄን ክርስትና ያነሣኸው አንተ አይደለህም!» ይላል። ጠረግሁ። ደግመው ሞሉልኝ።

ተነሥተን ስንወጣ ሴቬሮ እግሯ የታሰረ አንዲት ቱርኪ አምጥቶ በፊዴንሲያ ክንድ ላይ አኖረ፤ ለመነኮሳቱ ስንቅ ትሁን ብሎ ነው። «አበልጄ፣ መነኮሳቱ ሥጋ አይበሉም እኮ» አለችው። «እንቁላሏን ይብሉ!» አለ። «በአውቶቡስ ላይ ብትጥልስ?» «እሰየው፣ ትኩሱን ያገኙታል!» ምን ይባላል? ተቀበልን።

ቤት ስንደርስ የልጃችን የአርኑልፎ ፒክአፕ አልነሣ አለ። ያ ልጅ መኪናውን እንደ በቅሎ ሲለማመጠው፣ ሲሳደብበት፣ ደግሞ ሲለማመጠው ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ የዑደቱ ሙዚቀኞች ከማዕዱ ሲመለሱ ጡሩምባቸውን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ ቁልቁለቱን ገፉልን፤ ሲነሣም በደስታ አንድ ማርሽ ነፉለት። እናታችን ቱርኪዋን ታቅፋ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች፤ «ኦኔሲሞ ገብቷል? ፊዴንሲያ ገብታለች? ኋላ እኔና ዶሮዋ ብቻ ፑዌብላ እንዳንገኝ!» ትላለች። ከመንደሩ መውጫ ላይ ለአንቺ ያዘጋጀችው የትንሣኤ ሻማ መረሳቱ ታወሳትና አስመለሰችን። ሻማውን ይዘን ስንወጣ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። አርኑልፎ ከመኪናው ሥር ገብቶ «እማማ፣ ስለ እኛ መጸለዩን ይተውትና ለቅያሪው ጎማ ይጸልዩለት» ይላታል፤ እርሷም «ለእሱ ከሆነ ከጠዋት ጀምሮ እየጸለይሁ ነው፤ አንተ ብሎኑን አጥብቅ» ትለዋለች።

እንዲህ ስንጣደፍ፣ አቧራ ስንቅም፣ እኔ የአባታችንን የኪስ ሰዓት ደቂቃ በደቂቃ ሳወጣና ስመልስ፣ መሸት ሲል ትላሂያኮ ገባን። ሰዓቱን አየሁ፤ አውቶቡሱ ሊነሣ ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል። እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፊዴንሲያ ላቧን እየጠረገች «ካገባኸኝ ጀምሮ አንድ ቦታ ቀድመን ስንደርስ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለች። እናታችንን ደግፈን፣ ቱርኪዋን በሻል ጠቅልለን፣ እየተቀላለድንም እየሳቅን ወደ ቲኬት መስኮቱ ቀረብን።

በመስኮቱ ያለችው ወጣት ቲኬታችንን አገላብጣ አየችና «አባባ፣ እሱማ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ሆነው» አለች። እኔም ፈገግ ብዬ «ልጄ፣ ተሳስተሻል፤ ገና ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል» ብዬ የአባታችንን ሰዓት ከፍቼ አሳየኋት። አየችው። ልጅቱ አልቀለደችብኝም፤ ብትቀልድ በተሻለኝ። ቀስ ብላ «አባባ፣ ይሄ የትናንት ሰዓት ነው» አለችኝ፤ ከበላይዋ የተሰቀለውንም ሰዓት በጣቷ አሳየችኝ።

እኅቴ ሆይ፣ ያ ጉባኤ፣ ያ ጭብጨባ፣ ያ ስለ ኢያሱ የተናገርሁት ሁሉ በጆሮዬ ተመልሶ መጣ። ሳን ቴልሞ መወሰኗን አውቶቡሱ አልሰማም ነበር።

የኋለኞቹ አውቶቡሶች በዓሉን ጨርሰው ወደ ከተማ በሚመለሱ ሰዎች ሞልተዋል፤ የጠዋቱም ፑዌብላ የሚደርሰው የጉብኝቱ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ወደ ገዳሙ ስልክ ደወልሁ፤ ጠራ፣ ጠራ፤ ከማታው ጸሎት በኋላ ማንም እንደማያነሣው እያወቅሁ ደጋግሜ ደወልሁ፤ በመንደራችን ደግሞ ስልክ የለም። አርኑልፎ «በፒክአፑ እወስዳችኋለሁ!» ብሎ ቁልፉን አነሣ። እናቱ ፊዴንሲያ «በአንድ መብራት፣ በአንድ ዓይና መኪና? በዚያ ገደል? ያውም ቅያሪ ጎማ በሌለው?» ብላ መንገዱን ዘጋችበት። ሲጨቃጨቁ እናታችን በትሯን መሬት ላይ መታች። «በቃ! ኦቲሊያን ልባርክ ብዬ እናንተን ገደል አልሰድም» አለች።

ከዚያ ከአጠገቧ አስቀመጠችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኦኔሲሞ፣ ያቺን ሰዓት ማን ነው የወሰዳት?» አለችኝ።

«መንግሥት ነው እናቴ።»

«አይመልሳትም?»

«በመከር ይመልሳታል።»

«በመከርማ ኦቲሊያ የለችም» አለች።

ከዚህ በኋላ ጓዛችንን አንሥተን ወደ ሳን ቴልሞ ተመለስን።

ሰኞ ጠዋት ስነሣ እናታችን የመንገድ ልብሷን ለብሳ፣ ሻሏን አጣፍታ ተቀምጣ አገኘኋት። «ያቺን ባለ መደገፊያ ወንበር አምጣና ፊቷን አዙረህ ከፊቴ አስቀምጣት» አለችኝ። የመደገፊያው እንጨቶች ወደ እርሷ እንዲዞሩ አድርጌ አስቀመጥሁ። «አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ንገረኝ» አለች። «ገና ብዙ ይቀረዋል» ብላት «በየትኛው ሰዓት ነው የምትቆጥርልኝ? ልጄ በአውቶቡሱ ሰዓት ነው የምትጠብቀኝ፤ በዚያው ቁጠር» አለችኝ። የአባታችንን ሰዓት አወጣሁ። ከእርሱ እጅ ከተቀበልሁት ጀምሮ በፀሐይ ብቻ ሳስተካክለው የኖርሁትን፣ በጣቴ ወደፊት አዞርሁት። ሰዓቱ ደርሶ ነበር።

ነገርኋት። ሻሏን አስተካከለችና «እንደምን አደርሽ ልጄ» አለች፤ ዝምም አለች። ለካ አንቺ እንድትመልሺ ጊዜ እየሰጠችሽ ነው። ከዚያ ቀጠለች። ሎሚው ዘንድሮ አበባ እንደ ያዘ፣ ነጯ ዶሮ ጫጩቶቿን እንደ ፈለፈለች፣ የጎረቤታችን የቪቶሪና ልጅ እንዳገባ፣ እግርሽን በብርድ ድንጋይ ላይ እንዳታቆሚው፣ በምትሄጂበት አገር ዝናም የሚበዛ ከሆነ ጆሮሽን በጥጥ እንድትደፍኚ ነገረችሽ። በየመካከሉ ዝም ትላለች። እኛም በሩ ሥር ቆመን እናያታለን። በአንደኛው ዝምታ ላይ ደግሞ አንድ ነገር የሰማች መስላ ሳቀች፤ ምን እንዳልሻት አልነገረችንም።

በመጨረሻ እጇን አንሥታ ጣቷን በመደገፊያው እንጨቶች መካከል አሾለከች። ጣቷ በአየር ላይ ቆመ፤ ግንባርሽን ይጠብቃል። ያን ማየት አልቻልሁም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ። ፊዴንሲያ ግን ያን ሁሉ የሚያማት ጉልበቷን ረስታ ከወንበሩ ማዶ ተንበረከከችና የራሷን ግንባር ለጣቷ ሰጠች። እናታችን ዳሰሰችው። «ይሄ የፊዴንሲያ ግንባር ነው» አለች፤ «ግድ የለም፤ በረከቱ ለሁለት ይበቃል»። አማተበችባትም፤ ከእርሷ ቀጥላም በባዶው ላይ አንቺን አማተበች።

ከዚያም «ሂድ ደወሉን ደውል» አለችኝ፤ «እዚያ ደወል ሲደወል ነው የምንለያየው። ካልተደወለ እኔ አልነሣም»። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥሁና ትንሹን ደወል ደወልሁ። በመንደራችን ያለ ሰዓቱ ደወል ሲሰማ ሰው ሞቷል ማለት እንደሆነ በጥድፊያው ረስቼው ነበር። ከማሳው፣ ከወፍጮው፣ ከየጓዳው ሰዉ እየሮጠ መጣ፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን እየታጠቁ ወደ ቤታችን አመሩ። እናታችን በደጃፉ ቆማ ተቀበለቻቸው። «አልሞትሁም» አለቻቸው፤ «ልጄን እየሸኘሁ ነበር»። ነገሩን ሲረዱ አብረዋት ተቀመጡ፤ አለቀሱም፣ ሳቁም። ሴቬሮ ብቻ ከደወሉ ቤት ሥር ጠብቆኝ «አበልጄ፣ በመንግሥት ሰዓት መደወል ጀመርህ አሉ! መቼ ነው የሾሙህ?» አለኝ። እኔ ገመዱን ላስር ብሞክር ቋጠሮው አልያዝልኝ አለ። እርሱም ፊቴን አይቶ ገመዱን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አሰረው።

እንግዲህ ያልመጣነው በዚህ ምክንያት ነው። ይቅር በይን አልልሽም፤ ልብሽን አውቀዋለሁና። ግን ናፍቆቱ ቀላል አይደለም። በመዘምራኑ ሰገነት ላይ ልጅ ሳለሽ ያስተማርሁሽን የላቲኑን ዜማ እስከ ዛሬ ስዘምር፣ የአንቺን ድምፅ ቦታ ባዶ ትቼ ነው የማልፈው። ወጣቶቹ «ዶን ኦኔሲሞ እዚህ ጋ ይዘነጋሉ» ይላሉ። ይበሉ። በየዓመቱ ከመጋረጃው ጀርባ በምታሰሚን ሳልና ሳቅ ስንቃችንን ይዘን እንመለስ ነበር፤ አሁን ግን መጋረጃው ባሕር ሆነ፤ ጣት የሚያሾልኩበት ቀዳዳም የለው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ እመ ምኔቷ ከፈቀዱልሽ ጻፊልኝ። በአዲሱ ገዳም የማታው ጸሎት ደወል በስንት ሰዓት ነው የሚደወለው? የትምህርት ቤቱ መምህር በእኛ ሌሊት ሲሆን በእናንተ ቀን እንደሆነ ለእናታችን ነገራት። እርሷም አሰበችና «እንግዲያው እኔ እንቅልፍ ሲያጣኝ ኦቲሊያ ነቅታለች ማለት ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ማጣቷን አታማርርም። ሰዓቱን ካወቀች በየቀኑ በዚያች ሰዓት ጣቷን አንሥታ ልትባርክሽ ወስናለች፤ ሰኞ ያመለጣትን እየከፈለች እንደሆነ ነው የምትናገረው። ደወሉ የሳን ቴልሞ ይሁን። በፀሐይ እደውለዋለሁ፤ በዚህ ከጉባኤው ቃል አልወጣም። የአባታችንን ሰዓት ግን ለአንቺ ሰዓት ለይቼዋለሁ። አሁን ቆሟል፤ አልሞላሁትም። ደብዳቤሽ ሲደርስ በነገርሽኝ ሰዓት ላይ አድርጌ እሞላዋለሁ።

ፊዴንሲያ ጉልበትሽን ትስማለች፤ በረከትሽን በግንባሯ እንዳቆየችልሽም ንገርልኝ ብላለች። አርኑልፎ ሰላም ይልሻል፤ ለፒክአፑ ሁለተኛ መብራት ገጥሞለታል፣ ቅያሪ ጎማም አግኝቷል፤ ወዴት እንደሚሄድበት ስጠይቀው ግን አይመልስልኝም። ሴቬሮ ከነቤተ ሰቡ እጅ ነሥቷል። ያቺ ለገዳሙ የተሰጠችው ቱርኪ ከእኛ ጋር ቀርታ እንቁላል ጥላለች፤ የመነኮሳቱ ናት ብላ እናታችን ማንንም አታስነካም፤ ታቅፋ ልታስፈለፍላቸው ነው። ቪቶሪና፣ ሹሙም፣ ጡሩምባ ነፊዎቹም ስምሽን አንሥተው ሰላምታ ልከዋል። አብረውሽ ያሉትን እኅቶች ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልን። እናታችን ይህን ሳነብላት እጇን በወረቀቱ ላይ አኑራ ነበር፤ ከታች በኩል ያለው የሻማ ቅባት የእርሷ ጣት ነው፤ አታጥፊው።

በሥጋም በእምነትም ወንድምሽ፣ ኦኔሲሞ።

ሳን ቴልሞ፣ በትንሣኤ ሣምንት ዓርብ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1996፤ በእኛ ፀሐይ ገና ማለዳ፣ በአንቺ ግን እስክትጽፊልኝ በማላውቀው ሰዓት።